ኮሌጁ ክሊራንስ ሊጨርስ መጣ

ትናንት ከሰዓት መተኛት በሌለብኝ ቦታ ተኛሁ፤ መቼም ከተኙ አይቀር ሕልምም አየሁ።

ቦታው የተመረቅኩበት ኮሌጅ ሬጅስትራር ኮሪደር፣ አንድ እግሩ የሚወላገድ አግዳሚ ላይ ነው። የሄድኩት ደብዳቤ ለማውጣት ነበር፤ «ሶስና በእርግጥ ተመርቃለች፤ ዲግሪዋን የያዝነው የወጪ መጋራት ዕዳዋን ስላልከፈለች ብቻ ነው» የሚል። ሊቀጥረኝ የተስማማው መሥሪያ ቤት በዚያው ቀን ከሥራ መውጫ በፊት ደብዳቤውን ካመጣሁ ዕዳዬን ከደሞዜ እየቆረጠ ሊከፍልልኝ ነው። ካላመጣሁ ቦታውን ለተጠባባቂዋ ይሰጣል። ዕዳው በተማሪነቴ የበላሁት ሽሮ፣ የተኛሁበት አልጋና የተማርኩት ትምህርት ዋጋ ነው። ሥራ ከሌለኝ አልከፍልም፤ ካልከፈልኩ ዲግሪ የለም፤ ዲግሪ ከሌለ ደግሞ ማን ይቀጥረኛል?

ደብዳቤው ተጽፎ አልቋል። የቀረው ማህተም ነው። የማህተም ኃላፊዋ ወይዘሮ ዘርትሁን ግን ማህተሙን መሳቢያ ውስጥ ቆልፈው፣ ቁልፉን በቦርሳቸው ይዘው ለቅሶ ሄደዋል።

«ዛሬ ይመለሳሉ?» ብዬ ከጎኔ የተቀመጠውን ይታያልን ጠየቅኩት። አብረን የተመረቅን ልጅ ነው፤ እሱም እንደ እኔ ማህተም ሊያስመታ እየጠበቀ ነው።

«እንደ ሟቹ ቅርበት ነው» አለኝ።

ግድግዳውን ደገፍ አልኩ።

በሕልሜም እዚያው አግዳሚ ላይ ነበርኩ። አግዳሚው ግን ቢሮ ውስጥ ገብቶ የኃላፊ ወንበር ሆኗል። ማህተሙ እጄ ላይ ነው። በመስኮት ሳይ የግቢው ጦጣዎች የጥበቃ ልብስ ለብሰው፣ በሩ ላይ የመምህራንን ቦርሳ ይፈትሻሉ። አንዷ ከአንድ ዶክተር ቦርሳ ሙዝ አወጣች። «ይሄ ግቢ ውስጥ ክልክል ነው» አለችና ልጣ በላችው።

በሩ ተንኳኳ። የኮሌጁ ዲን ዶክተር አባይነህ ወረቀት በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ጎንበስ ብለው ገቡ።

«እመቤት ሶስና፣ ክሊራንስ ልጨርስ ነበር።»

ክሊራንስ ማለት ተማሪ ግቢውን ሲለቅ ቢሮ ለቢሮ እየዞረ «ምንም አልወሰደብንም» እያስባለ የሚያስፈርምበት ወረቀት ነው። እኔ ስዞር የጫማዬ ሶል ተገንጥሏል። ኳስ በእግሬ ነክቼ የማላውቅ እኔ የስፖርት ክፍሉን ኳስ እንዳልሰረቅኩ አስፈርሜያለሁ።

«ለማን ነው ክሊራንሱ?» አልኳቸው።

«ለኮሌጁ። የዘንድሮ ተመራቂ ነው።»

በመስኮት አሳዩኝ። ዋናው ሕንፃ ከነቆርቆሮው ጥቁር ጋውን ለብሶ ሜዳው ላይ ቆሟል። አጠገቡ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትና አንዲት ትንሽ መዋዕለ ሕፃናት አበባ ይዘው ፎቶ ይነሳሉ። ቤተሰቦቹ መሆን አለባቸው።

«ለተማሪዎቻችን ዕዳ እንደሌለብን ካልተፈረመልን አይመረቅም» አሉ ዲኑ። «ሁሉም ፈርመዋል። የቀሩት እርስዎ ነዎት።»

ደስ አለኝ። ለምን እዋሻለሁ፣ በጣም ደስ አለኝ።

«ማህተም የለም።»

«እጅዎ ላይ ነው እኮ።»

«ይሄ የጠዋቱ ነው። ከሰዓት ይመለሱ።»

«አሁን ከሰዓት ነው፣ እመቤቴ።»

«እንግዲያው ጠዋት ይምጡ።»

ወጡ። በሩ ሳይዘጋ ተመልሰው ገቡ፤ ነግቶ ነበር። ጉርድ ፎቶግራፍ ጠየቅኳቸው። የሕንፃውን አወጡ፤ ከላይኛው ፎቅ ወደ ላይ ያለውን ብቻ የሚያሳይ። «ጆሮው አይታይም» ብዬ መለስኩላቸው። ላባቸውን በክሊራንሱ ጠረጉ።

«ለመሆኑ ዕዳችሁ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ?»

«እናውቃለን» አሉና ወደ ኮሪደሩ ዞረው አጨበጨቡ። «ግቡ!»

መጀመሪያ የማደሪያ ክፍሌ ተደራራቢ አልጋ ሲጥ ሲጥ እያለ ገባ።

«ላይ የምትተኛው ልጅ በተገላበጠች ቁጥር እየጮህኩ እንቅልፍ ነስቼሻለሁ» አለኝ። «ብሎኔ ላልቶ ነው።»

ቀጥሎ የካፌው ትልቁ ድስት እየተንከባለለ መጣ።

«ቀጭን ነበርኩ» አለ ሽሮው ከውስጥ።

«በጣም» አልኩት።

የስታቲስቲክስ መምህራችን አቶ ሙሉሰው ደግሞ የሐኪም ማስረጃ ይዘው ገቡ። «ክፍል ያልገባሁት ወገቤን አሞኝ ነው» አሉ። «ሴሚስተሩን ሙሉ?» ብላቸው፣ «አልፎ አልፎ አንገቴንም» አሉ።

ትዕግሥቴ አለቀ። «ይቅርታ ከሆነ በቃኝ። እኔ የምፈልገው ዲግሪዬን ነው። እሱን ስጡኝና ልፈርም።»

ዲኑ ሳቁ። «ዲግሪማ የራስዎ ነው፤ ዕዳ አይባልም። ዕዳችን ያልሰጠንዎት ነው። ያልተኙት እንቅልፍ፣ ያልተማሩት ስታቲስቲክስ፣ ያልወፈረው ሽሮ። ሁሉንም በዓይነት እንመልሳለን።»

«በዓይነት ማለት?»

«ከአንደኛ ዓመት ጀምሮ። ፍራሽዎን ይዘው ይግቡ።»

አልጋው ቀሚሴን ያዘኝ። ድስቱ ክዳኑን ከፈተ። አቶ ሙሉሰው ግድግዳው ላይ «ምዕራፍ አንድ» ብለው ጻፉና ወገባቸውን ያዙ። ወደ በሩ ሮጥኩ። ሁለት ጦጣዎች ቆመዋል።

«መታወቂያ» አለች ሙዝ የበላችው።

«ተመርቄያለሁ!»

«የተመረቀው ሕንፃው ነው።»

ዞርኩና ጮህኩ። «ዕዳችሁን ምሬያችኋለሁ! ሰምታችኋል? ምንም የለባችሁም!»

«አይቻልም» አሉ ዲኑ በትህትና። «መመሪያ ነው። ዕዳ ያልከፈለ ዲግሪ አይወስድም።»

ማህተሙን አንስቼ ያገኘሁት ላይ ሁሉ መታሁ፤ አልጋው ላይ፣ ድስቱ ላይ፣ በመጨረሻ ዲኑ ግንባር ላይ። ሁሉም ላይ የወጣው ጽሑፍ አንድ ነበር፤ «ከሰዓት ይመለሱ»። አልጋው ትከሻዬን ይዞ መነቅነቅ ጀመረ።

«ተነሺ፣ ልጄ። ተነሺ እንጂ!»

ጥቁር ሻሽ ያሰሩ ሴት ጎንበስ ብለው ያዩኛል። ወይዘሮ ዘርትሁን ከለቅሶ ተመልሰዋል። ዓይናቸው እንደቀላ ነው፤ ቁልፉ እጃቸው ላይ አለ።

«ዕዳ ያለብሽ አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ?» አልኩ።

«ሶስና አይደለሽም? የወጪ መጋራት።»

«እኔው ነኝ ያለብኝ? ኮሌጁ ለእኔ ምንም የለበትም?»

«ኮሌጁ ለማን ምን ኖሮበት ያውቃል?»

«ተመስገን!» አልኩ ጮክ ብዬ። ኮሪደሩ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞረ።

«ስትተኛ ደህና ነበረች» አለ ይታያል።

ወይዘሮ ዘርትሁን ቢሯቸው አስገቡኝ። «እዚህ ሥራ ከጀመርኩ ዕዳ አለብሽ ተብላ ተመስገን ያለች አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ» እያሉ መሳቢያውን ከፈቱ፤ ማህተሙ ላይ እፍ አሉበትና ደብዳቤዬን መቱት። ወረቀቱን ነጥቄ ክቡን ጽሑፍ ዙሪያውን አነበብኩ። የኮሌጁ ስም ነው። ሌላ ምንም የለውም።

«ምን ታያለሽ?»

«ምንም። ጥሩ ማህተም ነው።»

በመስኮቱ ፀሐይ ገና ትገባለች። ታክሲ ካገኘሁ መሥሪያ ቤቱ ሳይዘጋ እደርሳለሁ። ለሐዘናቸው እግዜር ያጽናዎት ብዬ እጅ ነሳሁና በሩን ያዝኩ።

«ስሚ፣ ልጄ» አሉ ወይዘሮ ዘርትሁን፣ ማህተሙን እየቆለፉ። «የማስተርስ ምዝገባ ሰኞ ይጀመራል። ጎበዝ ትመስያለሽ፤ ለምን አትቀጥዪም? ማደሪያም አለ። ሽሮውም ዘንድሮ ወፈር ብሏል ይላሉ።»

ደብዳቤዬን ደረቴ ላይ አጥብቄ ይዤ ወጣሁ፤ በሩንም ከኋላዬ ድርግም አድርጌ ዘጋሁት።