አጵሎስ መርከብ ሲያማርጥ

እያንዳንዱ ሰፈር አንድ አወዳዳሪ ተመድቦለታል። ለሆሳዕና ጎፈር ሜዳ የደረሳት አጵሎስ ነው። አወዳዳሪን ከንፉግ ጋር የሚያምታቱ ሰዎች አሉ፤ ተሳስተዋል። ንፉግ የሚፈራው ገንዘቡ እንዳይወጣ ነው። አወዳዳሪ የሚፈራው ግን አንዱን ሲገዛ የተሻለው ከጀርባው ቆሞ እንዳይስቅበት ነው። ስለዚህ አይገዛም። "እስቲ ሌላውንም እንይ" ይላል። ሌላውን ያያል። ለሌላውም ደግሞ ሌላ አለው።

ሥራውም ጠባዩን አባብሶበታል። በግብርና ጽሕፈት ቤት የዘር ባለሙያ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ስንዴን ከስንዴ ሲያወዳድር ውሎ፣ ሳይጠግብ ወደ ቤቱ ይመጣል።

ሚስቱ ገነቴ መከራውን በኑሮ ተምራዋለች። አንድ ክረምት መንጋጋው ታመመ። በከተማው ያሉትን የጥርስ ሐኪሞች እየዞረ መረመረ እንጂ አልተመረመረም። የአንዱ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ አንዷ ገና ልጅ ናት፣ የሌላው ወንበር ሲጥጥ ይላል። ጉንጩ የዶዮገና ድንች አክሎ "ሁለት ብቻ ቀርተውኛል" እያለ ሲንከራተት፣ ጥርሱ ራሱ ተሰላችቶ ቆጮ ሲበላ ወለቀ። "አየሽ!" አላት ደሙን እየተፋ፣ "ቸኩዬ ቢሆን ኖሮ በከንቱ ላስነቅለው ነበር።"

እሷንም ቢሆን ያገባት አወዳድሮ ነው። በጫጉላቸው ሳምንት፣ የፍቅር ቃል መስሎት፣ "በአጠቃላይ ድምር አንደኛ የወጣሽው አንቺ ነሽ" አላት። አጠቃላይ ድምር! ገነቴ እስከ ዛሬ ድረስ በየትኛው የትምህርት ዓይነት ማን እንደበለጣት ለማወቅ ታጠናለች። አንድ ቀን አምልጦት የዳምቦያዋ ልጅ በመዝሙር ድምፅ ትሻል እንደነበር ተናገረና፣ እስከ እሑድ ድረስ ጨው የሌለው ሽሮ በላ።

ለዚህ ሰው ነው እንግዲህ ታናሽ ወንድሙ ሆሴዕ ከደቡብ አፍሪካ ደውሎ መርከብ ምረጥ ያለው።

ሆሴዕ ደርባን ውስጥ የሸቀጥ ሱቅ አለው። ከአገር ሲወጣ የአጵሎስና የገነቴ ልጅ ሐዳሳ ጡት አልጣለችም ነበር፤ ዛሬ አሥረኛ ክፍል ናት። አንድ እሑድ ቤተሰቡ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ የወንድማማቾቹን እናት ከቦ ተቀምጦ ሳለ፣ የሆሴዕ ፊት በስልኩ ላይ ብቅ አለ።

"በገና ሰሞን ሱቁን ዘግቼ ሁላችሁንም አስመጣችኋለሁ!" አለ። "ከዚህ ወደብ የሚነሡ የሽርሽር መርከቦች አሉ። ሆቴል ናቸው፣ ሆቴል! መዋኛ አላቸው፣ ሲኒማ አላቸው። እማን ይዘን ባሕር ላይ እንሰነብታለን። ጋሼ፣ የቱ እንደሚሻል አንተ ምረጥ፤ እኔ እከፍላለሁ።"

ሐዳሳ ከመቀመጫዋ ዘለለች። ገነቴ ግን ከሁሉ ጎልቶ የተሰማት "አንተ ምረጥ" የሚለው ነው። "ሆሴዕ፣ በጌታ፣ አንተው ምረጥ!" ብላ ጮኸች። ኔትወርኩ ግን ቀድሟት ሄዷል።

ሦስት ድርጅቶች ለውድድር ቀረቡ፤ ሰማያዊ መልሕቅ፣ የባሕር ንግሥት እና ደቡብ ኮከብ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱ ወደብ ሆነ። ሐዳሳ በስልኩ ቪዲዮ ላይ መዋኛውን ስታይ አባቷ የነፍስ አድን ጀልባዎቹን ያያል።

"ሰማያዊ መልሕቅ ጀልባዎቹን አዲስ ቀለም ቀብቷቸዋል" ይላል ዓይኑን አጥብቦ።

"ታዲያ ጥሩ አይደል?" ትላለች ገነቴ።

"ለምን ቀባቸው? ምን ሊደብቅ ነው?"

የባሕር ንግሥትም ነጥብ ጣለች፤ ለቁርስ ዓሣ ታቀርባለች። ባሕር ላይ ተቀምጦ ዓሣ መብላት፣ አለ አጵሎስ፣ በሰው ቤት አድሮ ባለቤቱን እንደ መብላት ነው። ደቡብ ኮከብን ደግሞ የካፒቴኑ ሣቅ ገደላት። "በጣም ይስቃል። መሪ የያዘ ሰው እንዲህ አይስቅም።"

የውጭ አማካሪም አላጣም። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ አቶ ገብረ ሥላሴ ጣናን በታንኳ የተሻገሩ በመሆናቸው፣ በግብርና ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ በአንድ ጀንበር የባሕር ኃይል አዛዥ ሆነው ተሾሙ። ክቡር አዛዡ ፎቶዎቹን አገላብጠው ካዩ በኋላ፣ "አቶ አጵሎስ፣ ዋናው ሚዛን ነው። ከኋላዋ የከበደች መርከብ አትመንህ" አሉ። አጵሎስ ያን ሳምንት በሙሉ የሦስቱን መርከቦች መቀመጫ ሲያጠና ሰነበተ። ገነቴ ስልኩን በድንገት አንስታ ብታየው የመርከብ ኋላ ብቻ ሞልቶበታል፤ ምን ነካው ብላ ደነገጠች።

ቀጥሎ ወደ ደቡብ ኮከብ ደወለ። ከወንድሙ በተላከለት ቁጥር፣ ዩኒቨርሲቲ በተማረው እንግሊዝኛ፣ ስልክ የምታነሣዋን ሴት ጠየቃት። "አንድ ሰው መሐል ላይ ሕመም ተሰምቶት 'ወራጅ አለ' ቢል፣ የት ትቆማላችሁ?"

"ጌታዬ፣ ባሕር ላይ እኮ ነው።"

"እሱን አውቃለሁ። ሌሎቹም እንዲሁ ናቸው ወይስ እናንተ ብቻ ናችሁ?"

ወሬው ከተማውን አዳረሰ። ባጃጅ ነጂዎች ሲያልፉ "መርከቡ የት ደረሰ?" ይሉታል። የገነቴ የጸሎት ቡድን ሳይቀር ጉዳዩን ያዘው። ሴቶቹ "ጌታ ሆይ፣ አንዷን አጉልተህ አሳየው" ብለው ጸለዩ። ከመካከላቸው ትዕግሥቷ አጭር የሆነው ሰብሌ ግን "ሌሎቹን አስጥምለት!" ብላ ጮኸች፤ ሁሉም ዓይናቸውን ሲገልጡ "ባዶ እንዳሉ ማለቴ ነው" ብላ አረመች።

ሆሴዕ በየሳምንቱ ይደውላል። "ጋሼ፣ ወሰንክ?" "ልጨርስ ነው፤ አንድ የቀረችኝ ነገር አለች።" ገነቴ ተሯሩጣ ፓስፖርቱን አወጣች፤ ለሐዳሳ የመዋኛ ልብስ፣ ለአማቷ ካፖርት ገዛች። ባሏ ግን አሁንም ሰማያዊ መልሕቅን ከባሕር ንግሥት አጠገብ አስቀምጦ አገጩን ያሻል።

የተፈራው ደረሰ። ገና እየቀረበ ሲመጣ ሆሴዕ እየጮኸ ደወለ። ገነቴ ለምሳ ቆጮ እየቆረሰች ትሰማለች።

"ሞሉ! ሦስቱም ሞሉ! አንድ ክፍል እንኳ የለም! ጋሼ፣ አንተ ሰው ነህ? ሱቁን ዘግቼ ሻንጣዬን አሥሬ ነው የተቀመጥኩት! አሁን የት ልሂድ?"

"አውሮፕላን ተሳፈርና ወደ ቤትህ ና" አለ አጵሎስ፣ ድምፁ ረጋ ብሎ።

"በየትኛው አውሮፕላን?"

"ባገኘኸው።"

ቆጮው ከገነቴ እጅ ወደቀ። ባገኘኸው! ይህ ቃል ከዚህ ሰው አፍ ከጋብቻቸው ወዲህ ወጥቶ አያውቅም። ታሞ ይሆን? ወይስ አእምሮው ተነካ? ሐዳሳ እያለቀሰች ወደ ጓዳ ገባች፤ አባትዮው ጫማውን አድርጎ ወደ ሥራው ሄደ።

ገነቴ በቀጥታ ወደ አማቷ ሄደች። እማማ በረንዳው ላይ ቦሎቄ ይፈለፍላሉ።

"እማማ፣ ልጅዎ ምን ሆኗል?"

አሮጊቷ ቀና ሳይሉ በሀዲይኛ መለሱላት። "በልጄ አትፍረጂ። ያን እሑድ፣ እናንተ ምሳ ስታቀርቡ ጠርቼው 'ከሆሴዕ ጋር ባሕር ላይ አልገናኝም' አልኩት።"

"ፈርተው ነው?"

"ምን እፈራለሁ በዚህ ዕድሜዬ! ሆሴዕ የሄደ ዕለት 'ዝንጅብል ልገዛ ዳምቦያ ደርሼ ልምጣ' ብሎኝ ነው የወጣው። ምሳውን ከድኜ ጠበቅኩት። የደወለው ታንዛኒያ ከገባ በኋላ ነው። ዓይኔን ማየት አፍሮ ነው ውኃ ላይ የሚቀጥረኝ። እኔ ደግሞ በወጣበት በር እንዲገባ እፈልጋለሁ።"

"ታዲያ 'ና' አይሉትም?"

"መች ሳልለው ቀረሁ! ሱቁ ነው፣ ሌባው ነው፣ ወረቀቱ ነው፤ ሰበብ አጥቶ አያውቅም። መርከቡ ግን ሱቁን አስዘጋው።" እማማ አንዱን ቦሎቄ አፈናጥረው ፈገግ አሉ። "ሱቁን የዘጋ ሰው ከቤቱ ሌላ ወዴት ይሄዳል?"

"አጵሎስስ ምን አለዎት?"

"ምን ይላል! 'እሺ እማ፣ ለእኔ ተይው' አለኝ። ሌላ መንገድ እንይ እንኳ አላለም።"

ገነቴ አጠገባቸው ዝፍ ብላ ተቀመጠች። ያ ሁሉ የጀልባ ቀለም፣ ያ ሁሉ የካፒቴን ሣቅ! ከተማው ሲያላግጥበት፣ የገዛ ልጁ ስታኮርፈው፣ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ወዲያው ደግሞ ንዴት መጣባት፤ ለእኔ እንኳ አይነግረኝም? ግን ቢነግራት ኖሮ ለጸሎት ቡድኗ ታካፍል ነበር፤ የጸሎት ቡድኑ የሰማውን ደግሞ ደርባን ከመምሸቱ በፊት ይሰማዋል። እውነት ለመናገር፣ ሰውዬው ልክ ነበር። ይህን ግን ለማንም አልተናገረችም።

ሆሴዕ በገና ዋዜማ ረፋዱ ላይ ደረሰ። ከአዲስ አበባ ያመጣው መኪና በሩ ላይ ሲቆም ጎረቤቱ ሁሉ ወጣ። ቀጭን ሆኖ የሄደው ልጅ ክብደት ጨምሮ፣ በጠባቧ የአጥር በር በጎኑ ነው የገባው። መሐል ግቢ ሲደርስ ተንበርክኮ የእናቱን ጉልበት አቀፈ። እማማ ጉንጩን በሁለት እጃቸው ይዘው ለረጅም ጊዜ አዩትና "ከስተሃል" አሉት። ከዚያ ሁሉም አለቀሰ። ሐዳሳ እንኳ ኩርፊያዋን ረስታ አጎቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች።

አጵሎስ ብቻ የለም። ገነቴ ዞር ዞር ብላ ስትፈልገው ከግቢው ውጭ፣ ጀርባውን ለሰዉ ሰጥቶ፣ ከሾፌሩ ጋር ቆሟል።

"በየት በኩል መጣችሁ?"

"በቡታጅራ።"

"ተሳስታችኋል። በወልቂጤ ቢሆን ኖሮ…" አለ። ሾፌሩ ግራ ገብቶት ይጠብቃል። የአጵሎስ ትከሻ ወደ ላይ ወደ ታች ይላል።

ገነቴ አጠገቡ ሄዳ፣ ከግቢው ፊቱ እንዳይታይ በመሐል ገባች። ስለ ወልቂጤ መንገድ የምታውቀው የለም፤ ማወቅም አልፈለገችም።

"በወልቂጤ ቢሆን ኖሮ ምን?" አለችው ጮክ ብላ። "በል የሐዳሳ አባት፣ ንገረኝ እንጂ።"

እሱም ዓይኑን በእጅጌው እየጠራረገ፣ ከዓለም ገና ጀምሮ ኩርባውን አንድ በአንድ ሊያስረዳት ጀመረ። ገነቴ ካገባችው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እስከ መጨረሻው አዳመጠችው።