ከጭጋጉ ውስጥ የሚቆጥረው

ውሸቴን ነው? እስቲ እናንተ ሐኪም ያዘዘላችሁን ስፖርት ስንት ቀን ሠርታችሁ ታውቃላችሁ? ወገቡ ትንሽ ቀለል ሲለው «ድኛለሁ» ብሎ የሚተው ሰው አንኮበርን ሞልቶታል። የሁሉም አለቃ ደግሞ አጎቴ ጋሽ ተሰማ ነው። ደብረ ብርሃን ያለችው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ «በየጠዋቱ በጀርባዎ ተኝተው ወገብዎን ከፍ ያድርጉና እስከ አስር ይቁጠሩ። ካቋረጡ ዘንድሮ ማረስ የለም» አለችው። በሦስተኛው ቀን ተወው።

«ኧረ ሥራ አንተ ሰውዬ!» ስትለው ሚስቱ፣ «ድኛለሁ አልኩሽ እኮ!» ይላል፣ ግድግዳ ተደግፎ እየተነሳ።

እንደኔ ያለ ጭንቅላት የት ይገኛል? በማግስቱ ጠዋት፣ ጭጋጉ አገሩን ሲውጠው፣ ከቤቱ ጀርባ ቆሜ ድምፄን አወፍሬ «አንድ... ሁለት...» አልኩ።

የእግዜር ድምፅ መስሎት «መጣሁ ጌታዬ!» ብሎ በጀርባው ዘፍ አለ። ከዚያ ወዲያ አንድ ቀን አልዘለለም። ወር ሳይሞላ ጎንበስ ብሎ ጫማውን አሰረ።

አንድ ጠዋት ግን እንቅልፍ ጣለኝ። እየሮጥኩ ስደርስ ከቤቱ ጀርባ የሆነ ሰው «ሰባት... ስምንት...» ይላል፣ በራሴ ድምፅ። ዞሬ ባይ ማንም የለም። አስር ሲሞላ ጆሮዬ ሥር «አንተስ?» አለኝ።

የኔ ወገብ እንደ ብረት ነው። ግን ይኸው እስከ ዛሬ በየጠዋቱ ከጋሽ ተሰማ ጎን ተኝቼ ወገቤን አነሳለሁ። አላመናችሁም? ሂዱና ሚስቱን እትዬ በለጡን ጠይቋት፤ የሁለታችንንም ቁርበት የምታነጥፈው እሷ ናት። ስትሄዱ ግን በጠዋት ሂዱ።