መጀመሪያ የተጠራው ፓርቲ

ሆድ ከአገር ይሰፋል ይባላል። ይህን የተረቱ አባቶቻችን የልጅ ልጆቻቸው እስራኤል፣ ናታንያ ከተማ ገብተው፣ በስልክ ተደውሎላቸው፣ ሆዳቸው ውስጥ ማን እንዳለ እንደሚጠየቁ ቢሰሙ ምን ይሉ ነበር? ጎንደር ሳለን ሰው ደጃችን መጥቶ "ስለ መንግሥት ምን ታስባላችሁ?" ካለ መልሱ አንድ ነበር፤ "ደግ ነው፣ ዕድሜ ይስጥልን!" ከዚያ በር መዝጋት ነው። እዚህ አገር ግን መጠየቅ ራሱ ሥራ ነው፣ ደመወዝ አለው። ሴከር ይሉታል፤ ሰው ማንን ሊመርጥ እንዳሰበ ከምርጫው በፊት ማጠያየቅ ነው።

እኔም በስተርጅና የሴከር ሠራተኛ ሆኜላችኋለሁ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ብርቱካን ማሸጊያ ውስጥ ቆሜ ስሠራ ወገቤ እምቢ አለኝ። መሀል ከተማ ያለ አንድ ቢሮ አማርኛ የሚችል ሰው ሲፈልግ አገኘኝና ወንበር ሰጠኝ። ያውም ጎማ ያለው፣ የሚሽከረከር! ባለቤቴ ያለምወርቅ ጎረቤት ከተማ ክፋር ዮና ላሉት ዘመዶቿ ሁሉ እየደወለች "ባሌ ተቀምጦ ነው የሚሠራ" ብላ አወጀች። ምን ዋጋ አለው፣ የመጀመሪያው ወር የሙከራ ነው። ካልሆነልኝ ወደ ብርቱካኑ መመለሴ ነው፤ ወገቤ ደግሞ ከእንግዲህ አንድ ሳምንት አይቆምልኝም።

ሜናሄሌ፣ አለቃዬ ማለት ነው፣ ኤያል ይባላል፤ የመጨረሻ ልጄን ቢያክል ነው። የክነሴት፣ ማለት የአገሩ ምክር ቤት፣ ምርጫ ደርሶ ሁለቱ ትልልቅ ፓርቲዎች አንገት ለአንገት ተናንቀዋልና፣ የሰፈራችን የሺኩን ቫቲኪም ሽማግሌዎች ድምፅ በጣም ይፈለግ ነበር። ኤያል የስም ዝርዝር ሰጠኝና ለአንድ ሰው አራት ደቂቃ ይበቃል አለኝ። አራት ደቂቃ! እኛ በአራት ደቂቃ "እንዴት አደራችሁ"ን እንጨርሳለን እንዴ?

መጀመሪያ የደወልሁት ለአባ ዘውዴ ነው። ጤና ተጠያየቅን፣ ልጆች ተጠያየቅን። ቀጥለው "ለመሆኑ አንተ የማን ልጅ ነህ?" አሉኝ። ወገን መሆንና አለመሆን እንዲህ በዋዛ አይታወቅምና ሰባት ዘር መቁጠር ያዝን። አራተኛው ላይ ስንገናኝ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸው። ግማሽ ሰዓት አልፏል። እኔም ወደ ሥራዬ ልመለስ ብዬ ከወረቀቱ ላይ አነበብሁላቸው፤ "ምርጫው ዛሬ ቢሆን ለማን ድምፅዎን ይሰጣሉ?"

"ዛሬ ነው እንዴ? ምነው፣ ማክሰኞ አልነበረም? ቆይ ልብሴን ልቀይር!" ብለው ስልኩን ጥለው ሄዱ። ሸሚዝ ለውጠው እስኪመለሱ ጠበቅሁና "ቢሆን" ማለት "ነው" ማለት እንዳልሆነ አስረዳሁ። ከዚያ የፓርቲዎቹን ስም በተጻፈው ተራ ጠራሁላቸው። የዝርዝሩ መጀመሪያ ማን ነበር? የብስክሌት ነጂዎች ፓርቲ፤ ከራሱ ተወዳዳሪዎች በቀር ሰው የማያውቀው። አባ ዘውዴም ሳያመነቱ "እሱን፣ መጀመሪያ የጠራኸውን ጻፍልኝ" አሉ።

ጻፍሁ። እኔ ምን ቸገረኝ? ሁለተኛው ሽማግሌም "የመጀመሪያውን" አሉ። ሦስተኛውም። በሳምንቱ መጨረሻ ሠላሳ ሰው ጠይቄ፣ ሠላሳውም ለብስክሌት ነጂዎች! አባ ዘውዴን እንኳ አምና እዚሁ ናታንያ ባሕሩ ዳርቻ ላይ ብስክሌት ገጭቷቸው ክንዳቸው በጄሶ ነው የከረመው።

ኤያል ወረቀቱን ሲያይ በርበሬ መሰለ። ቤቴ ሶፋ ላይ ተጋድሜ ራሴ ሞልቼው እንደሆነ በሠራተኛው ሁሉ ፊት ጠየቀኝ። ተናደድሁ፤ እኔ እኮ በመጠየቅ ጉሮሮዬ ነው ያለቀ! ፈራሁም፤ ወንበሬ ከሥሬ ሲሽከረከር ተሰማኝ። ያለምወርቅ ለዚያ ሁሉ ዘመድ መልሳ ልትደውል ነው? "ካላመንኸኝ ና አብረን ሄደን ጠይቅ" አልሁት። በማግስቱ ይዤው ሄድሁ።

አባ ዘውዴ ሦስተኛ ፎቅ ነው የሚኖሩ፣ ሊፍት የለም። ሜናሄሌ እያለከለከ ገባ፤ ደህናው ወንበር ላይ አስቀመጡት፣ ዳቦ ተቆረሰለት፣ ብላ ተባለ። ኤያል በዕብራይስጥ ይጠይቃል፣ እኔ አስተረጉማለሁ። ብስክሌት ነጂዎችን ለምን እንደመረጡ ጠየቀ።

አባ ዘውዴ እንደ ሕፃን አዩት። "ይህ የወገኔ ልጅ አስቀድሞ ጠራዋ! ሰው አስቀድሞ የሚጠራው የሚያከብረውን አይደለም? በሠርግስ ታላቅ እያለ ታናሽ ይጠራል? የቀጠሩት ጌቶቹ ናቸው፣ እንጀራው ይሆናል ብዬ ነው። ለጎረቤቶቼም ደውዬ 'ልጁን እንዳታሳፍሩት' ብያለሁ።"

ለካስ ሰፈሩ ሁሉ የመረጠው እኔን ኖሯል! ኤያል "ታዲያ እውነተኛው ምርጫዎ ማን ነው?" አለ። "እሱማ የእኔና የሳጥኑ ነው" አሉት። ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብለው "ይህ ጌታህ ማንን ነው የሚወድ? እንግዳ ነውና የሱን ጻፍልኝ" አሉ። ይህንንም አስተረጎምሁ። ኤያል ዳቦው ትን እስኪለው ሳቀ።

ደረጃውን ስንወርድ ይቅርታ ጠየቀኝ። ቢሮ እንደገባን ሠላሳውን መልስ ሰረዘ፣ ከእንግዲህ የፓርቲዎቹ ስም ተራ ለየሰዉ በዕጣ ይቀያየር አለ፣ እኔንም ቋሚ አደረገኝ። ደስታዬ ወሰን አጣ።

የቋሚነቴን ወረቀት ሲፈርምልኝ ግን ወንበሩን ወደ እኔ ጎተተና ከእንግዲህ በመካከላችን ይሉኝታ እንዳይኖር ለመነኝ። አለቃነቱን እንዴት እንዳገኘሁት፣ ከአንድ እስከ አምስት ስንት እንደምሰጠው፣ እውነቱን ብቻ እንድነግረው ጠየቀኝ። በሰው ፊት ውሸታም ያለኝ፣ በዚህ ወገቤ ሦስት ፎቅ ያስወጣኝ ሰው! በልቤ ሁለት ሰጠሁት፤ እሷንም ወንበሩን ስላልወሰደብኝ ነው።

"አምስት!" አልሁት። "ስድስት ስለሌለ ነው።"

ኤያል ዓይኑ እንባ አቀረረ። ከሰፈራችን ሰው አፍ ያገኘው የመጀመሪያው የሚታመን መልስ ይህ መሆኑን ነግሮኝ፣ በደማቅ ቀለም መዘገበው።