በረኪናን በበረኪና

ዓይን የማያቃጥል ነገር አያጸዳም ብሎ የሚያምን ሰው በየማኅበሩና በየሕንፃው ቢያንስ አንድ አንድ ተመድቦልናል። ማን እንደመደበው አይታወቅም። ጡረታ በወጣ ማግስት ብሩሽ ያነሳል፤ ከዚያ ወዲያ የሚያስቆመው የለም። እዚህ ለንደን፣ ለኬኒንግተኑ ማኅበራችን አዳራሽ የደረሱት ክቡር ሊቀ-በረኪና ጋሽ ምድሃኔ ናቸው።

ጋሽ ምድሃኔ አማርኛን አስመራ ትምህርት ቤት ተምረው፣ ከዚያ ወዲህ አንዲት ቃል ያልጨመሩበት፣ አንዲትም ያልቀነሱበት ሰው ናቸው። በእሳቸው አማርኛ ጠርሙስ ውስጥ ገብቶ የሚሸት ፈሳሽ ሁሉ “በረኪና” ይባላል። ነጩ በረኪና፣ ሰማያዊው በረኪና፣ የወለሉ በረኪና፣ የሽንት ቤቱ በረኪና። ይህ ከሁሉ የሚያበሳጨው ፅጌረዳን ነው። ዋይት ሲቲ የሚባለው ሰፈር ውስጥ የአንድ ትልቅ ሕንፃ የጽዳት ሱፐርቫይዘር ናት፤ ሙያውን ሰልጥናበታለች፣ አዲስ ገቢዎችንም ታሰለጥናለች። የማኅበሩንም ጽዳት የምትመራው እሷ ናት። ጋሽ ምድሃኔ አንድ ነገር ቢሆኑ ተጠያቂው ማን እንደሆነ አይጠፋትም። ደግሞ ደረታቸውን ያፍናቸዋል፤ በአፍ የሚሳበው የአስም መድኃኒት፣ ኢንሄለሩ፣ ከኪሳቸው አይለይም።

“ጋሼ፣ አንዱ አሲድ ነው፣ አንዱ አልካሊ ነው” ትላቸዋለች። “አሲድ ጎምዛዛው ነው። የለንደን ውሃ ቧንቧ ላይ የሚጋግረውን ኖራ እሱ ይበላልዎታል። አልካሊ ደግሞ እጅ ላይ የሚያሙለጨልጨው፤ ቅባት የሚፈታው እሱ ነው። መጀመሪያ ‘ይሄ ቆሻሻ ምንድን ነው?’ ብለው ይጠይቁ።”

“ከቆሻሻ ጋር ምን አነጋገረኝ! ዓይን ካላቃጠለ አላጸዳም።”

አንድ ሰሞን የመግቢያውን የእብነ በረድ ደረጃ በሎሚ አሹት። እብነ በረድ የኖራ ዘመድ ነው፤ ኖራ የሚበላ ነገር እሱንም አይምረውም። ድንጋዩ ሞራ እንደጋረደው ዓይን ፈዞ አደረ። “ነጣ!” አሉ በኩራት። ለምድጃው ቅባት ደግሞ ኮምጣጤ ፈረዱለት። ከሰዓቱን ሙሉ ቢፈትጉት ቅባቱ ንቅንቅ አላለም። ተናደዱና ያንን ኃይለኛ አልካሊ፣ የምድጃ ማጽጃውን፣ አመጡ፤ በዚያው የማኅበሩን የአሉሚኒየም ድስትም ዘፈዘፉበት። ምድጃው ጸዳ። ድስቱ ጠቁሮና ተበልቶ ወጣ። “ድሮም ደካማ ድስት ነበር” ተባለ።

ከሁሉ የሚወዱት ግን አረፋ ነው። ኮምጣጤና ቤኪንግ ሶዳ ደባልቀው፣ ሲንተከተክ ሰው ጠርተው ያሳያሉ።

“እዋይ! እይ፣ እንዴት እንደሚጣሉ!”

“እርስ በርሳቸው ነው እኮ የሚጣሉት ጋሼ። ሁለቱ ተጋድለው አለቁ፤ ቆሻሻው ዳር ቆሞ እያያቸው ነው” ትላለች ፅጌረዳ።

ይህ ሁሉ በሳቅ ያልፋል። በሳቅ የማያልፍ አንድ ነገር አለ። በረኪና ከሽንት ቤቱ ኖራ ማስለቀቂያ፣ ከአሲዱ ጋር ከተገናኘ ክሎሪን የሚባል መርዘኛ ጋዝ ይወጣል፤ የአዳራሹ ሽንት ቤት ደግሞ መስኮት የለውም። ፅጌረዳ ይህን እያሰበች እንቅልፍ ስታጣ ጊዜ እንደ ፍርድ ቤት ምስክር አስማለቻቸው።

“በረኪናን ከሌላ ነገር ጋር እንዳይቀላቅሉ። ከምንም!”

“ከምንም” አሉ። ጋሽ ምድሃኔ ቃላቸውን የሚያጥፉ ሰው አይደሉም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከስትሪትሃም፣ ከቤቷ፣ በባስ እየመጣች ስልኳ ጮኸ።

“ፅጌ፣ ልጆቹ ለአማርኛ ትምህርት ሳይመጡ ይሄን ሽንት ቤት ዛሬ ልክ አገባዋለሁ!”

“በምን ጋሼ?”

“በበረኪና ነዋ።”

“ሌላ ነገር አልጨመሩበትም አይደል?”

“ኧረ ቃሌን! በረኪናን በበረኪና ነው። ነጩን አፍስሻለሁ፤ አሁን የሽንት ቤቱን በረኪና ልደግምበት ነው።”

የባሱ ወንበር ከስሯ የሸሸ መሰላት።

“አይንኩት! ይውጡ! አሁኑኑ ይውጡ!”

ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አያት። ስልኩ ተቋረጠ። መልሳ ደወለች፤ አይነሳም። አሁንም ደወለች። አዳራሹ አቅራቢያ፣ ኦቫል ጋ፣ ባሱ በመኪና ሰልፍ ሲያዝ ወርዳ ሮጠች። “ከሌላ ነገር” ነበር ያለቻቸው። እሳቸው ዘንድ ሌላ ነገር የሚባል የለም እኮ፤ ሁሉም በረኪና ነው! እየሮጠችም የምትናገረውን ታዘጋጃለች፦ ከዛሬ ጀምሮ ቁልፉን ያስረክባሉ፤ ብሩሽ አይነኩም፤ አበቃ። ብቻ ቆመው ላግኛቸው።

ደጃፉ ላይ ልጆቹ ካፖርታቸውን እንደለበሱ ተኮልኩለዋል። ጋሽ ምድሃኔ በሩን ቆልፈው፣ ጀርባቸውን ደገፍ አድርገውበት ቆመዋል። የአማርኛ አስተማሪው ባዩ ይለምናቸዋል።

“ጋሼ፣ ክላስ አለብኝ እኮ! ልጆቹ በረዳቸው።”

“ፅጌ ሳትመጣ ዝንብም አትገባም።”

“ምን ተፈጥሮ ነው?”

“እኔ ምን አውቄ!”

ፅጌረዳ ትንፋሿ እየተቆራረጠ ደረሰች። “ቀላቀሉት?”

“አልቀላቀልኩም። የሁለተኛውን ክዳን ግን ከፍቼው ነበር።” ትክ ብለው አዩዋት። “ለምን እንደከለከልሽኝ አልገባኝም፤ አሁንም አልገባኝም። ግን ድምፅሽ ተንቀጠቀጠ። ስትቆጪኝ እንጂ ስትፈሪ ሰምቼሽ አላውቅም። ስልኩን እዚያው ጥዬ ወጣሁ።”

ያዘጋጀችውን ንግግር ትታ በሩን አስከፈተችና ገባች፤ በሮቹን ሁሉ በረገደች፤ የፈሰሰውን በረኪና በውሃ ደጋግማ ለቀቀችው። ስትመለስ ሌላውን ጠርሙስ ክዳኑን አጥብቃ ይዛው መጣች።

“ይሄ በረኪና አይደለም ጋሼ።”

“ታዲያ ማን ይባላል?”

“አሲድ።”

ጋሽ ምድሃኔ ጠርሙሱን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት፣ አራቁት፣ እንደገና አስጠጉት።

“እና ይሄን ሁሉ ዘመን በሌላ ሰው ስም ስጠራው አቤት ይለኝ ነበር?”

ፅጌረዳ ሳቋ አምልጧት ትከሻቸው ላይ ተደገፈች። ሳቁ ሲያበቃም ቶሎ ቀና አላለችም። እሳቸው ግን የመጣባቸውን ያወቁ ይመስላሉ፤ ሳትጠይቃቸው ቁልፉን በመዳፋቸው አድርገው ዘረጉላት። አየችውና ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ መልሳ በቁልፉ ላይ ዘጋቻቸው።

“ይግቡ” አለች። “እርስዎ ይፈትጉ፤ በሩን እኔ ከፍቼ እይዝልዎታለሁ።”