ሶሬቲ አንጎል እንዳላት ማስረጃ

አንጎል እንዳላችሁ አስመስክሩ ብትባሉ ምን ታቀርባላችሁ? እኔ እንጃ፣ የማቀርበው የለኝም። የሰባት ዓመቷ ልጄ ሶሬቲ ግን አላት፤ ያውም ፎቶ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሶሬቲ መቀመጥ አይሆንላትም። ቡራዩ፣ እኛ ሰፈር፣ ያልወጣችበት አጥር የለም። አስተማሪዋ አንድ ቀን ቢቸግራት «አንጎል የለሽም እንዴ?» አለቻት። ልጅቷ የምሯን መስሏት ስታለቅስ ዋለች። አንጀቴን በላችው።

ታዲያ የልጆች አንጎል እንዴት እንደሚያድግ በኤምአርአይ ማሽን የሚለኩ ተመራማሪዎች ፈቃደኛ ልጅ ሲፈልጉ፣ ከእኔ ቀድማ እሺ ያለችው እሷ ናት። የአንጎልሽን ምስል እንሰጥሻለን ብለዋታላ። ወስዳ ለክፍሉ ልታሳይ ነው። ችግሩ፣ ማሽኑ ውስጥ ከተነቃነቁ ምስሉ ይደበዝዛል። ሶሬቲ እና አለመነቃነቅ ደግሞ አይተዋወቁም።

የባሌን አባት ኦቦ ደገፋን ይዘን አዲስ አበባ ሄድን። ማሽኑ እንደ ወፍጮ ቤት ይጮሃል። እሷ ግን ፀጥ። ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ባለሙያው ደስ ብሎት፣ አባባ፣ እስቲ ማሽኑ ውስጥ በሚሰማው ማይክ አይዞሽ ይበሏት አላቸው። ሽማግሌ ማይክ ሲሰጡት ምን ያደርጋል? መረቁ እንጂ።

«ጉደዹ፣ እደጊ። ክፉ አይንካሽ።»

ሶሬቲ በሥርዓት ያደገች ናት። እጇን ዘርግታ፣ ራሷን ነቅንቃ «አሜን» አለች። ምስሉ ተበላሸ። ባለሙያው ይብቃ ቢላቸው፣ ምርቃት ከመሃል አይቋረጥም ብለው እምቢ አሉ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም ይባላል። ምርቃትም እኮ አይገባበትም። መጨረሻ ላይ ባለሙያው ማይኩን ዘጋና የቀረውን አሜን በልጅቷ ፋንታ እኛ አልን። እሱም አብሮን አለ። ያኔ ምስሉ ጥርት ብሎ ወጣ።

ሁለቱንም ምስል ሰጡን። አንጎሏ ለዕድሜዋ ደህና እያደገ ነው ሲሉን ኦቦ፣ «እደጊ» ብዬ አልነበር በሚል ዓይን፣ ዞር ብለው ባለሙያውን አዩት። የደበዘዘውን፣ አሜን ያለችበት ነው ብለው እሳቸው ወሰዱት። የጠራው ትምህርት ቤት ሄደ።

አስተማሪዋ ምስሉን አገላብጣ አየችና፣ እንዲህ እንዲጠራ ምን አደረግሽ አለቻት። ሶሬቲ ኮራ ብላ፣ ሳልነቃነቅ ተኝቼ ነዋ አለች።

«እሰይ» አለች አስተማሪዋ። «መቻልሽን ካወቅሁማ፣ ከነገ ጀምሮ እኔም ክፍል እንደዚያው ነሽ።»

ሶሬቲ ከትምህርት ቤት በቀጥታ አያቷ ጋ ሄዳ፣ የጠራውን በደበዘዘው እንለዋወጥ ብላ ለመነቻቸው። ኦቦ እምቢ አሉ። አሜን ያላለችበትን ምን ያደርጉታል?