የኔታ ሀብተ ሥላሴና ያልተባለው ድራማ

በየአገሩ፣ ታሪክን ሳይወለድ የሚቀብር አንድ ሰው አይጠፋም። ለእኛ ለላሊበላ ከተማ ሰዎች የደረሱን ክቡር የኔታ ሀብተ ሥላሴ ናቸው።

በቅኔ ቤታቸው ሕጉ አንድ ነው፤ አንዴ የተባለ ቅኔ አይደገምም። ደግሞ የተገኘ ተማሪ «ተብሏል!» ይባልና አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል። ይህን ሕግ እዚያው ቅኔ ቤት ቢተዉት ምን ነበረበት! አብረውን በአውቶቡስ ከጋሸና ሲመለሱ፣ አንድ ተሳፋሪ ሽፍታ እንዴት እንዳስቆመው ሲያወጋን፣ «ሽፍታው ዘመድህ ሆኖ ተገኘ፤ ተብሏል!» አሉት። እውነትም ዘመዱ ነበር። ሰውየው እስከ ላሊበላ አኩርፎ ገባ።

ከሁሉ የተቃጠለው ግን መምህር ደሳለ ነው። ደሳለ ለትምህርት ቤቱ ፀረ ኤድስ ክበብ ድራማ ይጽፋል። ያኔ ድራማ ሁሉ መንገዱ አንድ ነበር፤ ልጁ ከተማ ይሄዳል፣ ይባልጋል፣ ታሞ ይመለሳል፣ እናት ደረቷን ትደቃለች። የኔታ በቀበሌው አዳራሽ የፊተኛው ወንበር ላይ መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ ገና ልጁ ሻንጣውን ሲያነሳ፣ «ታሞ ይመጣል፤ ተብሏል!» ይላሉ። ሕዝቡ በሳቅ ይፈርሳል። እናት የምትሆነው ባንችይርጋ እንኳ ለቅሶዋን ትታ ትስቃለች።

«ዘንድሮም ካወቁብኝ ብዕር አልጨብጥም!» ብሎ ማለ ደሳለ።

ክረምቱን ሲጽፍ ሲቀድ ከረመ። በአዲሱ ድራማ ልጁ ሻንጣውን ይዞ በሩ ላይ ሲደርስ፣ እናቱ የራሷን ሻንጣ አንጠልጥላ ብቅ አለች።

«አንተ ቤት ጠብቅ፤ የምሄደው እኔ ነኝ» አለችው።

አዳራሹ በአንድ አፍ «እንዴ!» አለ። የኔታ እስከ መጨረሻው ትንፍሽ ሳይሉ፣ ሲያልቅ መቋሚያቸውን አንስተው ወጡ።

ደሳለን ድሉ አልጣፈጠውም። «ሽማግሌውን በሰው ፊት አዋረድኋቸው» እያለ እህል አልወርድ አለው። ስለዚህ ለሚቀጥለው ትርኢት፣ ሆን ብሎ፣ መጨረሻውን ሕፃን እንኳ የሚያውቀው ድራማ ጻፈ፤ ከተማ፣ ብልግና፣ በሽታ፣ ለቅሶ።

የኔታ ወዲያው «ተብሏል!» አሉ። ሕዝቡ ሳቀ። ደሳለም ከመጋረጃው ጀርባ እፎይ አለ። ሲያልቅ ግን የኔታ መጋረጃውን ገልጠው ገቡ።

«አዘንህልኝ፣ አይደል?»

«ኧረ የኔታ! ያኔ ተቀይመው የወጡ መስሎኝ...»

«የምን ቅያሜ! መጨረሻውን ጓጉቼ እኮ ነው ዝም ያልሁት! እሑድ ማኅሌት ቆሜ ያቺን ባለሻንጣ እናት ሳስብ ዜማ ሳትሁ። እኔ፣ ሀብተ ሥላሴ! በል ንገረኝ፣ ወዴት ነው የሄደችው?»

ደሳለ ራሱ አስቦት አያውቅም ነበር።

«እንጃ፣ የኔታ።»

«እሰይ! ገና አልተባለማ!» አሉና አጠገቡ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። «በል እንግዲያ፣ አብረን እንፈልጋት።»