ከውጭ የሚቆልፍ ታጋይ

አደባባይ ወጥቶ ለነፃነት የሚጮኽ፣ ሚስቱን ግን ከውጭ ቆልፎባት የሚሄድ ባል አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ በሱዳን አብዮት ሰሞን ካርቱም፣ ሳጃና ሰፈር ውስጥ አንዱን አውቃለሁ። እዚያው ያደገ የአገራችን ልጅ ነው። እሱ ሰልፍ ላይ «ሑሪያ! ነፃነት!» ሲል ይውላል፤ የወሎዋ ሚስቱ ዘህራ ሽንኩርት የምትገዛው በመስኮት ነው።

መንግሥት ወደቀ፤ በሩ ግን አልተከፈተም። አንድ ቀን መቆለፉን ቢረሳ ወጥታ ፍቺ ጠየቀች። እኔም ላስተረጉምላት ፍርድ ቤት አብሬያት ገባሁ።

ዳኛው «ደረር?» አሏት። በዐረብኛ «ምን ጉዳት ደረሰብሽ?» ማለታቸው ነው። ዘህራ የምታውቀው የኩሽና ዐረብኛ ነውና «ማን ዳረሽ?» ያሏት መሰላት። አፌን ሳልከፍት፦

«አባቴ!» አለች።

ምን ብዬ ላርማት? ለእሷ መዳሩም ጉዳቱም አንድ ነው። ለዳኛው ሳስረዳቸው ሳቃቸውን መግታት አቃታቸው። ቀጥለው ባልየውን ለምን እንደሚቆልፍባት ጠየቁት።

«ወታደር እንዳይገባባት ፈርቼ ነው፣ ክቡር ሞላና።»

«መንግሥት ከወደቀ በኋላስ?»

«ገና ሽግግር ላይ ነን።»

«የእሷ ሽግግር አልቋል» አሉና ፍቺው ላይ ፈረሙ።